አውሮፕላን ያዘገየ ቁርስ

ባለፈው ሳምንት አቶ ተሰማን ቀበርን። ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ሲሞት የማትወደውም ቢሆን ድንኳኑ ውስጥ ትቀመጣለህ፤ ቅሬ ነውና። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ግን ሬሳ ከመቅበር በላይ በሽተኛም ይሸከማል፣ ክርስቲያን እስላም ሳይል ሰውን አያይዞ ያኖራል። የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ሐሜቱ ይከፋል። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩና ጥግ ይዤ ንፍሮ መቆርጠም ጀመርኩ።

ከአዲስ አበባ የመጣ የልጅ ልጁ ማይክ ይዞ ተነሳና የሟቹን የሕይወት ታሪክ አነበበ። ደግነቱን ዘረዘረ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያሠራውን አጥር ጠቀሰ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «አያታችን እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። በዚያ ዘመን አውሮፕላን ወደ ከተማችን ሲመጣ አብራሪዎቹን ሳያበሉ ሸኝተው አያውቁም።» ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዘገንኩትን ንፍሮ ከእጄ አራገፍኩት።

ሰው ሙት ሊወቅስ ሲያስብ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። እኔን ግን ያድርገኝ። በሕይወት ሳለ በአፌ «አንቱ» ስለው ኖሬአለሁ፤ በልቤ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። አሁን እንደ ልቤ እጽፈዋለሁ።

የዛሬ ልጆች መካነ ሰላም አውሮፕላን ያርፍባት ነበር ስላቸው ይስቃሉ። ያርፍ ነበር። ሜዳው ሣር ነው፤ አስፋልት የለው፣ አጥር የለው። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሰው ወጥቶ ከብቶቹን ከሜዳው ያባርራል፣ ከዚያ ያቺ ሁለት ሞተር ያላት አሮጌ አውሮፕላን እየተንገጫገጨች ታርፋለች። የሜዳው ጫፍ ገደል ነው። ሆዷ ውስጥ ስትገባ ቅቤና ቆዳ ይሸታል፤ ነጋዴዎቹ ጭነት ይልኩባት ስለነበር። ክረምት የበላው መንገድ እስኪጠገን ድረስ ደሴ በመኪና መድረስ ማለት በአቀስታ በኩል በጭቃና በብርድ መንገላታት ነው። ለጤነኛ ሰው መንገላታት ነው፤ ለታመመ ሰው ደግሞ የማይታሰብ ነበር።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ፊዚክስ የሚያስተምረን መምህር ግርማ የሚባል ከሸዋ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። አንድ ቀን ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ ይዞ ክፍል ገባ። ጥቂት ውሃ ጨምሮበት እሳት ላይ ጣደው፤ እንፋሎቱ ሲግተለተል አውርዶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘጋው፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበት። ቆርቆሮው ማንም ሳይነካው እየተንቋቋ ተጨማደደ። «ማን ጨፈለቀው?» አለን። ከኋላ አንዱ «ሰይጣን!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ መምህር ግርማም ሳቀ።

«አየር ነው» አለ። «አየር ባዶ ነገር አይደለም። ክብደት አለው፤ ከላይም ከጎንም ከታችም ይጫናል። እናንተም ተሸክማችሁት ነው የምትሄዱት፤ በውስጣችሁም ስላለ ነው እንደዚህ ቆርቆሮ የማትጨማደዱት።»

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ሜዳው ወሰደንና አውሮፕላኗ ስትነሳ አሳየን። ክንፉ አየሩን ወደ ታች እየገፋ ይሄዳል፤ አየሩም አጸፋውን ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከክንፉ በላይ ያለው አየር ደግሞ በፍጥነት ሲያልፍ ጫናው ይቀንሳል አለን። «ታዲያ የሚገፋ አየር በብዛት መኖር አለበት። እናንተ ደጋ ላይ ናችሁ፤ አየራችሁ ከቆላው ይልቅ ስስ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይለጠጥና የባሰ ይሳሳል። ያን ጊዜ ክንፉ የሚይዘው ያጣል፣ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል። በጠዋት ብርድ የምትሄደው ለዚህ ነው። ብርዱ አየሩን ያጠጥረዋል።» እነዚህን ቃላት አልረሳኋቸውም። እንድረሳቸው የሚያደርግ ነገር አልገጠመኝም።

ጥቅምት ነበር። ታላቅ እህቴ ሙሉ ከከላላ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ተድራ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን ምጥ ያዛት። ልጁ አልወጣ አለ። የመንደሩ አዋላጅ የምታውቀውን ሁሉ ከሞከረች በኋላ «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ደሴ አድርሷት» ብላ እጇን ታጠበች። የቅሬው አለቃ አያ እንድሪስ ጎረምሶችን ሰብስቦ ቃሬዛ አሠራ። እየተቀባበልን ተሸክመናት ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ ደረስን። ባሏ ለሐኪም የሚሆን ገንዘብ ሊያፈላልግ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ ነበር፤ ከቤተሰብ አብረናት የነበርነው እናቴና እኔ ነን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። አያ እንድሪስ የራሱን ቡሉኮ አውልቆ አለበሳትና «አብሽሪ እህት ዓለም፣ ደረስን» አላት። እህቴ እጄን ይዛለች። ምጡ ሲመጣ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ ግን አታሰማም።

አውሮፕላኗ በጊዜዋ መጣች። ደስታዬን አልረሳውም። በብርዱ መጣች፣ በብርዱ ትሄዳለች፤ እህቴ ፀሐይ ሳይጠና ኮምቦልቻ ትደርሳለች፣ ከዚያ ደሴ ቅርብ ነው። አብራሪው ወርዶ አየን። ለእናቴ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ጭነቱን እንዳስገባን እንነሳለን» አላት። የአቶ ተሰማ የቅቤ ጣሳዎች በአህያ መጥተው ይገቡ ነበር።

በዚያ ሰዓት ነው አቶ ተሰማ ጋቢውን ደርቦ፣ በትሩን ይዞ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ የመጣው።

«ካፒቴን! በጥቅምት አንድ አጥንት ሳይቀምሱማ አይሄዱም!»

«ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ ሰዓት የለኝም። በሽተኛ አለች።»

«አየኋት፣ ምስኪን። ማርያም ትድረስላት። እስኪጫን ድረስ ነው እኮ የምልዎት። ሙክቱ ታርዷል፣ ዱለቱ ደርሷል። ለእርስዎ ብዬ ያረድኩትን ውሻ ይብላው? በሞቴ!»

የኛን አገር «በሞቴ» የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም። ሰው በራሱ ሞት ምሎ ብላ ካለህ አለመብላት ሙትልኝ ማለት ነው። አብራሪው እናቴን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ አቶ ተሰማን አየ። «ቅምሻ ብቻ» ብሎ ተከተለው። ረዳቱም ተከተለ።

ጠበቅን። ጭነቱ ገብቶ አለቀ። አህዮቹ ተመለሱ። በአውሮፕላኗ የሚሄዱት የመንግሥት ሠራተኞች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሲጋራ አጨሱ። ፀሐይዋ ከተራራው ላቅ አለች፤ ውርጩ ሟሟ፣ ሣሩ ጤዛ ሆነ፣ ቀጥሎ ጤዛውም ደረቀ። ሰዎች ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ማውረድ ጀመሩ። እንደ ጥቅምት ፀሐይ የምወደው ነገር አልነበረም፤ የዚያን ቀን ግን እያንዳንዷን ጨረር ረገምኳት። የመምህር ግርማ ቃል በጆሮዬ ይጮህ ነበር። አየሩ እየተለጠጠ ነው፣ እየሳሳ ነው። እናቴ «ሂድና ጥራቸው ልጄ» አለችኝ። ሮጥኩ።

የአቶ ተሰማ ቤት በር ላይ ስደርስ ሳቁ ውጭ ይሰማል። አብራሪው መሐል ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ የከተማው ትልልቅ ሰዎች ከበውት፣ አቶ ተሰማ ራሱ ቆሞ ያጎርሳል። አብራሪው እጁን አፉ ላይ አድርጎ «በቃኝ ጋሼ፣ በእውነት በቃኝ» ይላል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ይላል አቶ ተሰማ፣ ሌላ ይጠቀልላል።

«ካፒቴን» አልኩ፣ «እህቴ ልትሞት ነው።»

አቶ ተሰማ ዘወር ብሎ አየኝ። «ግባ። ቁጭ በል። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ደህና አደራችሁ ይባላል።»

«ጋሼ፣ አየሩ እየሞቀ ነው። ከሞቀ አውሮፕላኑ በከባድ ጭነት አይነሳም።»

«አየሩ እየሞቀ ከሆነ ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ብርዱ ይልቀቀን እንጂ!» ሳቁ። «ደግሞ አየር ጠፍቶ ነው? ይኸው አገሩን ሞልቶታል። የቅቤ እጥረት፣ የጨው እጥረት እናውቃለን፤ ዛሬ ደግሞ የአየር እጥረት መጣ በሉኛ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አብራሪው ብቻ አልሳቀም። እኔ የምለው እውነት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ማወቁን ፊቱ ላይ አየሁት። ሊነሳ ቃጣ። አቶ ተሰማ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠውና «ቡና ሳይጠጣማ!» አለ። ያን ጊዜ የሆዴን ተናገርኩ። «ሆዳሞች!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ በጥፊ አጮለኝ። «ስድ! ማን አሳደገህ!» በሩ ላይ ወድቄ ተነሳሁ። የዚያ ጥፊ ሙቀት እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ አለ፤ የተናገርኩትን ግን ዛሬም እደግመዋለሁ።

ሲመጡ ፀሐይዋ አናት ልትመታ ምንም አልቀራትም። አብራሪው በሜዳው ላይ ጥቂት ሄደ፣ ወደ ገደሉ ጫፍ አየ፣ በእንጨት ላይ የተሰቀለውን የንፋስ ማሳያ ጨርቅ አየ። ጨርቁ ሞቶ ተንጠልጥሏል። ከረዳቱ ጋር በሹክሹክታ ተነጋገረ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ከብደናል። ጠዋት ቢሆን እንነሳ ነበር፤ አሁን አንነሳም። ክብደት መቀነስ አለበት» አለ።

«ታዲያ ቅቤው ይውረዳ!» አለ አያ እንድሪስ።

አያ እንድሪስ ወደ አቶ ተሰማ ዞረ። «ያ ጌታው፣ ወላሂ ቅቤ ነገም ቅቤ ነው። ይቺ ልጅ ግን ነገ ምን እንደምትሆን አላህ ነው የሚያውቀው።»

አቶ ተሰማ አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በለሰለሰ ድምፅ «ቅቤው በዚህ ፀሐይ ቢውል ይቀልጥብኛል። ግን እኔ ምን አገባኝ፣ ካፒቴኑ ያውቃሉ። እሳቸው ይፍረዱ» አለና ፈገግ ብሎ አብራሪውን አየው።

የዚያን አብራሪ ፊት ዛሬም አያለሁ። ከንፈሩ ላይ የቅባት ወዝ አለ። የሰውየው ቤት ገብቶ፣ ከሰውየው እጅ ጎርሶ፣ ከአፉ ሳይደርቅ እንዴት የሰውየውን ንብረት ሜዳ ላይ ጣሉት ይላል? የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሊባል ነው። አቶ ተሰማ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ሌሎች የዋህነቱ ነው ይላሉ፤ ይበሉ።

«በሽተኛዋ ትሄዳለች» አለ አብራሪው። «አስታማሚ አይኖርም። ከቅቤውም ጥቂት ይውረድ።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተንደርድራ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ ልጄን ብቻዋን? እኔ ምን እመዝናለሁ? እየኝ እስቲ፣ ከአንድ ጣሳ ቅቤ እበልጣለሁ?» አላየትም። ሊያያት አልቻለም። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት የመምህር ሚስት «እኔ አያታለሁ እማማ» አለች። ቃሬዛውን አስገባን። እህቴ እጄን አልለቅም ብላ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። በሩ ተዘጋ።

አውሮፕላኗ መሮጥ ጀመረች። ሌላ ጊዜ የምትነሳበትን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። አለፈችው። አሁንም መሬት ላይ ናት። ጎማዋ ይዘላል፣ ይመለሳል። ክንፉ የሚይዘው አጥቷል። ሜዳው አለቀ። ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል ወርዳ ከዓይናችን ተሰወረች።

እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አያ እንድሪስ «ያረቢ» አለ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከወዲያ ማዶ ተሰማ፤ ሸለቆው ውስጥ ከታች፣ ትንሽ ሆና፣ ቀስ እያለች ስትወጣ አየናት። ቁልቁል ስትወርድ ፍጥነት አግኝታለች፣ ከታች ያለውም አየር ወፍራም ነው፤ ያዛት። ይህን እያሰብኩ ሳለ አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። «አላልኳችሁም? ይኸው ተነሳች!» አለ አቶ ተሰማ። የወረዱለትን ጣሳዎች ጥላ ውስጥ አስገቡ እያለ ልጆቹን ማዘዝ ጀመረ።

እናቴና እኔ በጭነት መኪና ተሳፍረን ተከተልን። አቀስታ ላይ ሰዎች ትኩስ ድንች አቀረቡልን፤ እናቴ ይዛው ዋለች እንጂ አልበላችም። ደሴ ሐኪም ቤት ስንደርስ ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች፣ ደህና ነበረች። እጇ ባዶ ነው።

«ወንድ ነበር» አለችን። «ደክሞ ነው የመጣው አሉኝ። አላሳዩኝም።»

ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ እሷን ማትረፍ መቻሉን ነገራት። ልጁ ግን ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሞተ ይመስለኛል አለ። «ጠዋት ብትደርስ ኖሮ…» ብሎ ተወው። ከጎን ያለችውን በሽተኛ የምታስታምም ሴት ሕፃኑን በራሷ ነጠላ ጠቅልላ ወስዳ አስቀብራው ነበር። እኛ ስንደርስ ሴትየዋ ወደ አገሯ ሄዳለች። የት እንደተቀበረ የሚያሳየን አላገኘንም።

ወደ አገር ስንመለስ ማንም ለቅሶ አልመጣም። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለው፣ ድንኳን የለው። ጎረቤት «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ፈጣሪ ይተካልሻል» ብሎ ያልፋል። አቶ ተሰማ ደግሞ ለአናቷ ይሁናት ብሎ አንድ ጣሳ ቅቤ ላከ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለች፤ መመለስ ጠብ ነው። ሙሉ አልነካችውም። በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፣ ዳረች፣ የልጅ ልጅ አየች። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ስትተነፍስ ሰምቼ አላውቅም።

እኔም ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ስለ አየር አስተማርኩ። አቶ ተሰማን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላምታዬን ወደ መሬት ነበር የምሰጠው። «ይህ መምህር ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጠመደኝ?» ብሎ ሰው ጠይቋል። የምሩን ነው፤ አያስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ያን ቀን ያስታወሰው እንግዳ ያበላበት ቀን አድርጎ ነው፤ ይኸው ለልጅ ልጁም እንደዚያው አወረሰ።

ድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ተነቦ እንዳበቃ ከሴቶቹ በኩል አንድ ለቅሶ ተነሳ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ለሽማግሌ አይለቀስም። ደረት ይደቃል፣ ፊት ይነጫል። ድምፁን ሳውቀው ደሜ ፈላ፤ ሙሉ ናት። ሴቶች ይዘዋት «አይበቃም ወይ ሙልዬ» ይሏታል፤ እሷ አትሰማም። አጠገቤ የነበረው ሰው «እንዲህ ይወደዱ ነበር እኮ» አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለቀቅሁባት። «ለዚያ ሰው? አንቺ? ለዚያ ሰው ፊትሽን ትነጪለት?»

ሙሉ ቆመች። ድምፅዋ ከለቅሶው ብዛት ተዘግቷል።

«ወንድም ዓለም፣ ለሱ ያለቀስኩ መሰለህ?» አለችኝ። «ለልጄ ማን ድንኳን ጣለልኝ? ማን አስለቀሰኝ? ሰው በሞተ ቁጥር በሰው ድንኳን ገብቼ ነው የማለቅስለት። በእናታችን ለቅሶ አልቅሼለታለሁ፣ በአያ እንድሪስም ለቅሶ አልቅሼለታለሁ። እዚያ ሁሉ ግን ለሟቹም ማልቀስ ነበረብኝ። ዛሬ ለሟቹ የማለቅሰው አልነበረኝም። ሁሉንም ለልጄ አደረግሁት።»

ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። አቶ ተሰማን ስጠላ የኖርኩት ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ሌላ ሥራ ላይ ነበረች፣ ብቻዋን፣ በየሰው ድንኳን። ጥላቻዬ አልበረደም። ሲሞትም አልበረደም፣ ይህን ስጽፍም አልበረደም፤ ይብረድ ብዬም አልጸልይም። ግን የአቶ ተሰማ አርባ ሲደርስ እሄዳለሁ፣ ከሙሉ ጎን እቆማለሁ፣ ሰውም «ይቅር ብሎታል» ይበል። እኔም የሕፃኑ አጎት ነኝ።